የማይታየው የቀጥቃጭ ቤት

ገበሬ በመከር ጊዜ ማጭዱን ይዞ ወደ አዝመራው ሲወርድ ስለ ብዙ ነገር ያመሰግናል። ዝናሙ በወቅቱ ስለ መዝነሙ፣ በሬዎቹ ቀንበሩን ችለው ስለ መጎተታቸው፣ ልጆቹም አረሙን ነቅለው ስለ መጨረሳቸው ያመሰግናል። ማጭዱን ማን እንደ ሠራው ግን ብዙ ጊዜ አያስበውም። ጭስ ባጠቆራት ጎጆ ውስጥ አንዱ ወናፍ ሲነፋ፣ ሌላው የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ በመስፍ ላይ ሲያገላብጥ፣ ሦስተኛው በመዶሻ ሲቀጠቅጥ የዋሉት ሰዎች ስማቸው በአውድማ አይነሣም። እንዲያውም በኢትዮጵያ ውስጥ ቀጥቃጭ ለረጅም ዘመን ሲናቅ፣ «ቡዳ ነው» እየተባለም ሲሸሽ መኖሩ የታወቀ ነው። ማረሻውን የሠራው እጅ እየተናቀ፣ በማረሻው የተገኘው እንጀራ ይከበር ነበር።

ሥራን እንጂ ሠሪን አለማየት በሰው ኑሮ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ሰው ስለ ተፈጥሮ ሲማርም እንዲሁ ነው፤ የተጠናቀቀውን መሣሪያ ያደንቃል፣ መሣሪያው የተሠራበትን ቤት ግን ይዘነጋል። በዐይን የማይታይ የአንድ ባክቴሪያ አካል ውስጥ የሚገኘው የቀጥቃጭ ቤት ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆናል። በዚያ ቤት የሚሠራው ስለት ከብረት፣ ከሞሊብዲነም፣ ከድኝና ከካርቦን የተበጀ ሲሆን፣ ያለ እርሱ ባቄላም ሆነ ሽምብራ ደካማውን መሬት ሊያበረታ አይችልም።

እንደሚታወቀው ማንኛውም ሕያው ፍጡር ያለ ናይትሮጅን ሊኖር አይችልም። የሰው ሥጋና ደም፣ የእንስሳ ጡንቻ፣ የተክል ቅጠልና ፍሬ የሚገነቡባቸው ፕሮቲኖች ሁሉ ናይትሮጅንን ይሻሉ። ይህ ንጥረ ነገር ደግሞ ብርቅ አይደለም፤ ምድርን ከከበበው አየር 78 ከመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ይሁን እንጂ በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት አቶም እየሆነ በሦስት ማሰሪያ አጥብቆ የተቆራኘ ስለ ሆነ፣ ተክል በቅጠሉም ሆነ በሥሩ ማሰሪያውን ፈቶ ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ ጤፉ፣ ስንዴውና ገብሱ በናይትሮጅን ተከበው ሳለ ናይትሮጅን አጥተው ይገረጣሉ። ሁኔታቸው አፉ በተመረገ ጎተራ ሥር ተቀምጦ የሚራብ ሰውን ይመስላል።

ይህን ማሰሪያ መፍታት ለሰው ልጅ ከባድ ሥራ ነበር። ፍሪትዝ ሃበር የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ ማውጣት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. በመሣሪያ አሳየ። ካርል ቦሽም ሥራውን አስፋፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኦፓው ታላቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ዛሬም በየማሳው የሚበተነው የናይትሮጅን ማዳበሪያ በአብዛኛው የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ነገር ግን ፋብሪካው ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀትና ከተራው የአየር ግፊት ከ100 እጥፍ በላይ የሚሆን ግፊት ይጠይቃል። ሃይድሮጅኑም በአብዛኛው የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። ከዚህም የተነሣ የነዳጅ ዋጋ ሲንር የማዳበሪያ ዋጋም አብሮ ይንራል፤ ሸክሙም በመጨረሻ የሚያርፈው በአነስተኛው ገበሬ ትከሻ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ገበሬ የራሱ ዘዴ ነበረው። ጤፍ ወይም ስንዴ እየተደጋገመ ተዘርቶበት የደከመውን ማሳ በተከታዩ ዓመት ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ ይዘራበታል፤ መሬቱም ያገግማል። ዘዴውን ከአባቶቹ ቢወርስም ምክንያቱን የሚነግረው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1888 ዓ.ም. ሄርማን ሄልሪገልና ሄርማን ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን ባሳተሙት ጥናት፣ ጥራጥሬ የአየሩን ናይትሮጅን የሚያገኘው በሥሩ ላይ በሚወጡት ትናንሽ እባጮች ውስጥ በሚኖሩ ረቂቃን ፍጡራን አማካይነት መሆኑን አስረዱ። በዚያው ዓመት ማርቲኑስ ቤይሪንክ የተባለው የሆላንድ ሊቅ ባክቴሪያውን ከእባጩ ለይቶ አወጣ። ከዚያም በኋላ ከተክል ሥር ጋር ሳይዳበሉ፣ በአፈር ውስጥ ብቻቸውን እየኖሩ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች መኖራቸው ታወቀ። ከእነዚህ አንዱ ጄኮብ ሊፕማን በአሜሪካ አገር በኒው ጀርዚ ግዛት ከቫይንላንድ አፈር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1903 ዓ.ም. ያስታወቀው አዞቶባክተር ቫይንላንዲ ነው። ስለ ቀጥቃጩ ቤት ዛሬ ከሚታወቀው ውስጥ ብዙው የተገኘው በዚህ ባክቴሪያ ላይ በተደረገ ምርምር ነው።

ባክቴሪያው ፋብሪካ የለውም፤ እሳትም አያነድም። በተራ የአፈር ሙቀትና በተራ የአየር ግፊት ናይትሮጅንን ወደ አሞኒያ የሚለውጠው ናይትሮጂኔዝ በሚባል ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም ሁለት ፕሮቲኖች ተባብረው የሚሠሩበት መሣሪያ ነው። ታናሹ ፕሮቲን ኤሌክትሮኖችን ያቀብላል፤ ታላቁ ፕሮቲን ደግሞ ናይትሮጅኑን ይዞ ይለውጣል። ለአንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል 8 ኤሌክትሮኖችና ቢያንስ 16 ኤቲፒ የሚባሉ የኀይል ሞለኪውሎች ይወጣሉ፤ የሚገኘውም ምርት 2 የአሞኒያ ሞለኪውሎች ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ እንደሚያውቀው ርካሽ እንጀራ የለም።

ይሁንና ታላቁ ፕሮቲን በራሱ ብቻ ናይትሮጅንን ሊለውጥ አይችልም። ስለት የሌለው እጀታ እህል እንደማያጭድ ሁሉ፣ ይህም ፕሮቲን ውስጡ የሚቀመጥ የብረታ ብረት ስለት ያስፈልገዋል። ይህ ስለት ኮፋክተር ይባላል፤ ስሙም «አብሮ ሠሪ» እንደ ማለት ነው። ለሥራው ሞሊብዲነም የተባለው ብረታ ብረት እንደሚረዳ ሄርማን ቦርቴልስ የተባለ ጀርመናዊ አዞቶባክተርን በማብቀል እ.ኤ.አ. በ1930 ዓ.ም. አሳይቶ ነበር። የስለቱ ቅርጽ ግን የታወቀው ብዙ ቈይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. ጆንግሱን ኪምና ዳግላስ ሪስ በኤክስሬይ አማካይነት የአቶሞቹን አሰላለፍ ገለጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የጠራ ምርመራ፣ ባዶ ነው ተብሎ በታሰበው መካከል አንድ ቀላል አቶም ተቀምጦ ተገኘ። ምንነቱ ሲያከራክር ቈይቶም እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ካርቦን መሆኑ ተረጋገጠ። ስለዚህ የስለቱ አካል 7 የብረት፣ 1 የሞሊብዲነም፣ 9 የድኝና 1 የካርቦን አቶሞች፣ በድምሩ 18 አቶሞች አሉት። በሞሊብዲነሙ በኩል ደግሞ ሆሞሲትሬት የሚባል አንድ የአሲድ ሞለኪውል ተያይዞበታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እንዲህ ያለውን ስለት ማን ይሠራዋል? ብረቱም፣ ድኙም፣ ሞሊብዲነሙም በአፈር ውስጥ አሉ። ነገር ግን ብረት በምድር ውስጥ ስለ ተገኘ ማጭድ ተገኘ አይባልም። ታላቁ ፕሮቲንም ስለቱን ለራሱ አይሠራም። ለዚህ ማስረጃው በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ቪኖድ ሻህና ዊንስተን ብሪል እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. ያስታወቁት ሥራ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት ኮፋክተሩን ከደኅነኛው ፕሮቲን ለይተው አወጡት። ከዚያም ኮፋክተሩን መሥራት ከተሳነው የአዞቶባክተር ዝርያ በተገኘው፣ ሥራ ፈት በሆነው ፕሮቲን ላይ ጨመሩት። ደንዝዞ የነበረው ፕሮቲንም ነቅቶ መሥራት ጀመረ። ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገር ግልጽ ሆነ። ፕሮቲኑ ስለት ባይኖረውም አካሉ ተገንብቶ ሊቆም ይችላል፤ ስለቱም በሌላ ስፍራ፣ በሌሎች እጆች ተሠርቶ ኋላ የሚገባበት ነው።

እነዚህ ሌሎች እጆች ራሳቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ስማቸው የሚጀምረው «ኒፍ» በሚል ቃል ሲሆን፣ ይኸውም ናይትሮጅንን ማሰር ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ በአጭሩ የተወሰደ ነው። እያንዳንዱም ተለይቶ የሚታወቅበት ፊደል አለው። ሥራቸው እንደ ቀጥቃጭ ቤት ሥራ በተራ የተደለደለ ነው።

መጀመሪያ ኒፍ-ኤስ የተባለው ፕሮቲን ሲስቴይን ከሚባል አሚኖ አሲድ ድኙን ነቅሎ ያወጣል። ያወጣውንም ለኒፍ-ዩ ያስረክባል። ኒፍ-ዩ እንደ መስፍ ነው፤ በእርሱ ላይ ብረትና ድኝ ተገናኝተው አራት አራት አቶም ያላቸው ትናንሽ ጥፍጥፎች ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ጥፍጥፍ 4 የብረትና 4 የድኝ አቶሞች ይገኛሉ።

ከዚህ በኋላ ተራው የኒፍ-ቢ ነው። ይህ ፕሮቲን ሁለቱን ጥፍጥፎች ተቀብሎ አንድ ያደርጋቸዋል። በመካከላቸውም ከሌላ ሞለኪውል ላይ የወሰደውን አንድ የካርቦን አቶም ያስገባል። ካርቦኑ ከየት እንደ መጣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ምልክት ያለበትን ካርቦን ተከትለው መድረሻውን ባገኙ ጊዜ ነው። አንድ የድኝ አቶም ሲጨመርበትም 8 የብረት፣ 9 የድኝና 1 የካርቦን አቶሞች ያሉት የስለቱ ልብ ይገኛል። ሒሳቡን ላሰበ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ አራትና አራት ስምንት ብረት፣ አራትና አራት ስምንት ድኝ፣ በላዩም አንድ ድኝና አንድ ካርቦን።

ነገር ግን ሥራው ገና አላለቀም። በስለቱ ልብ ውስጥ ሞሊብዲነም የለም፤ ብረቱም በአንድ ይበልጣል። ስለዚህ ልቡ ኒፍ-ኢኤን ወደሚባለው ፕሮቲን ይሸጋገራል። የዚህ ፕሮቲን አሠራር ስለቱ በመጨረሻ የሚገባበትን ታላቁን ፕሮቲን ይመስላል። ኒፍ-ኪው ሞሊብዲነሙን ያቀርባል፤ ኒፍ-ቪ ሆሞሲትሬቱን ያዘጋጃል፤ ኒፍ-ኤች ደግሞ የኤቲፒን ኀይል እያወጣ በጫፍ ካሉት የብረት አቶሞች አንዱ ወጥቶ ሞሊብዲነም በስፍራው እንዲገባ ይረዳል። በዚህ ጊዜ ስምንት የነበረው ብረት ሰባት ይሆናል፤ ስለቱም ይሞላል።

በመጨረሻ የተሠራው ስለት ለታላቁ ፕሮቲን ይሰጣል። ታላቁ ፕሮቲን ስለቱን እስኪያገኝ ድረስ ቀጭን መግቢያውን ከፍቶ ይጠብቃል፤ በመግቢያው ላይ ያለው አዎንታዊ ሙልም አሉታዊ ሙል ያለበትን ስለት ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለቱ ስፍራውን ሲይዝ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ናይትሮጂኔዝ ወደ ሥራው ይሠማራል፤ የናይትሮጅንም ማሰሪያ ይፈታል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ የሚያስገርመው የሠራተኞቹ መጨረሻ ነው። በተጠናቀቀው መሣሪያ ውስጥ ኒፍ-ኤስ የለም፤ ኒፍ-ዩም፣ ኒፍ-ቢም፣ ኒፍ-ኢኤንም የሉም። ጉጠቱና መስፉ ከማጭዱ ጋር ወደ ማሳ እንደማይወርዱ ሁሉ፣ እነዚህም ስለቱን አስረክበው ከቀጥቃጩ ቤት ይቀራሉ። መሣሪያውን ብቻ የሚመረምር ሰው አሻራቸውን አያገኝም። መኖራቸው የሚታወቀው በጎደሉ ጊዜ ነው። ኒፍ-ቢ ሲበላሽ ታላቁ ፕሮቲን ይሠራል፤ መልኩም ከሞላ ጎደል የደኅነኛውን ይመስላል፤ ነገር ግን ስለት ስለሌለው አንዲት የናይትሮጅን ሞለኪውል እንኳ አይለውጥም። ከሁሉም የተለየ ዕጣ ያለው ኒፍ-ኤች ነው። እርሱ በቀጥቃጩ ቤት ሞሊብዲነሙ እንዲገባ ከረዳ በኋላ፣ ኤሌክትሮን የሚያቀብለው ታናሹ ፕሮቲን ሆኖ በማሳውም ይሠራል። ቀጥቃጭም ገበሬም እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ቤት ብርቱ ጠላት አለው፤ እርሱም ኦክስጅን ነው። ለሰው የሕይወት እስትንፋስ የሆነው ኦክስጅን ስለቱንም መሣሪያውንም ያበላሻል። ስለዚህ አዞቶባክተር እጅግ በፍጥነት እየተነፈሰ በአካሉ ውስጥ የሚገባውን ኦክስጅን ያቃጥላል። በባቄላ ሥር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ ከተክሉ ጋር በመተባበር ይጠበቃሉ፤ በእባጩ ውስጥ የሚገኝ ደም መሰል ቀይ ፕሮቲን ኦክስጅኑን ይዞ በልክ ያከፋፍላል።

የቤቱ ሥራ በእርግጥ የታወቀ መሆኑን ለማረጋገጥ ሊቃውንት ከባድ ፈተና ገጠማቸው። የተገመተው እውነት ከሆነ፣ ተጣርተው የወጡትን ፕሮቲኖችና ጥሬ ዕቃውን አንድ ላይ በማድረግ ስለቱን ከባክቴሪያው አካል ውጭ መሥራት መቻል ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ሉዊስ ሩቢዮና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከብረት፣ ከድኝ፣ ከሞሊብዲነምና ከሆሞሲትሬት ተነሥተው፣ በተጣሩ ፕሮቲኖች እየተረዱ ኮፋክተሩን በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ሠሩት። ፈተናው በዚሁ ታለፈ።

ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ ደግሞ ሌላ ነገር ተገኘ። በጥራጥሬ ሥር ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ሆሞሲትሬት የሚያዘጋጀው ኒፍ-ቪ የላቸውም። ታዲያ የጎደላቸውን ከየት ያገኛሉ? የጃፓን ተመራማሪዎች ሎተስ ጃፖኒከስ የተባለውን የጥራጥሬ ዘመድ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. መልሱን አስታወቁ። ሆሞሲትሬቱን የሚሠራው ተክሉ ራሱ ነው። ባክቴሪያው ለተክሉ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ተክሉም ስኳር መመገቡ ሳይበቃ፣ ለባክቴሪያው ስለት የምትሆነውን አንዲት ክፍል ያቀብለዋል። ገበሬው ለቀጥቃጩ ከሰል ይዞለት የሚሄድ ይመስላል።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ከማሳው ዘንድ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ሬይ ዲክሰንና ጆን ፖስትጌት ናይትሮጅንን የማሰር ችሎታን ከአንድ ባክቴሪያ ወደ ሌላ፣ ችሎታው ወዳልነበረው ባክቴሪያ ማዛወር ቻሉ። ያን ጊዜ ብዙዎች ስንዴና በቆሎ ራሳቸውን የሚመግቡበት ቀን እንደ ቀረበ ተስፋ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምእት ዓመት አልፏል፤ የአየሩን ናይትሮጅን በራሱ ኢንዛይም የሚያስር ስንዴም ሆነ ጤፍ ግን ገና በገበሬ እጅ አልገባም። ችግሩ አንድን መሣሪያ ማሻገር ብቻ ሳይሆን ወናፉን፣ ጉጠቱን፣ መስፉንና መዶሻውን፣ ከእነርሱም ጋር የሥራውን ተራ ማሻገር ነው። በዚያም ላይ ኦክስጅን በማይደርስበት የተክል አካል ክፍል ውስጥ ቤቱን መትከል ያስፈልጋል። ማጭድ ተሰጥቶት ቀጥቃጭ የሌለው መንደር፣ ማጭዱ በዶለዶመ ጊዜ መከሩ በማሳው ላይ ይቀርበታል። ስለዚህ ዛሬ ተመራማሪዎች የሚደክሙት ቤቱን በሙሉ ለማወቅና ክፍል በክፍል ለማሻገር ነው። ሥራው በተሳካ ጊዜ ማዳበሪያ መግዛት የማይችለው ገበሬ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠቀማል።

በክረምት መውጫ ከትምህርት ቤት የተመለሰ አንድ ተማሪ በአባቱ ማሳ ዳር ቆሞ አንድ የባቄላ ተክል ነቅሎ ይመልከት። አፈሩን ሲያራግፈው ትናንሾቹን እባጮች በሥሩ ላይ ያገኛቸዋል። አንዱን በጥፍሩ ቢሰነጥቀውና ውስጡ ቀላ ብሎ ቢያገኘው፣ በዚያ ጠብታ በምታህል ስፍራ ውስጥ ወናፉ እየተነፋ፣ ብረቱ እየተቀጠቀጠ መሆኑን ይወቅ። አባቱ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ማሳ ጤፍ ይዘራል፤ ጤፉም ሲያፈራ ስለ ዝናሙና ስለ በሬዎቹ ያመሰግናል። ልጁ ግን ሥሩን በእጁ ይዟልና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በማዕድ የሚቀርበውን እንጀራ ባየ ቁጥር ጭስ ባጠቆራት ጎጆ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሳያስብ አያልፍም።